በላስ ቬጋስ የታየው ሁሉ ለምን ሱቅ አይደርስም?

በየዓመቱ ጃንዋሪ ሲገባ ከላስ ቬጋስ የሚወጡ ዜናዎች የቴክኖሎጂ ገጾችን ያጥለቀልቃሉ። ከጃንዋሪ 6 እስከ 9 ቀን 2026 የተካሄደው፣ ሲኢኤስ የተባለው ዓመታዊ የሸማች ቴክኖሎጂ ትርኢትም ከዚህ የተለየ አልነበረም (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፎጣ የሚያጥፍ ሮቦት፣ ሁለት ቦታ ላይ የሚታጠፍ ስልክ፣ በድምፅ ሲታዘዝ በሩን የሚከፍት ማቀዝቀዣና አዳዲስ የኮምፒውተር ፕሮሰሰሮች በአንድ የዜና ዝርዝር ውስጥ ጎን ለጎን ቀረቡ። ሆኖም ከእነዚህ መካከል የትኛው ተገዝቶ ቤት የሚገባ ዕቃ፣ የትኛው ቃል የተገባለት ተስፋ፣ የትኛው ደግሞ ገና ሐሳብ እንደሆነ ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ አይለይም። ስልኩ ከትርኢቱ አስቀድሞ በደቡብ ኮሪያ መሸጥ ጀምሯል፤ ፕሮሰሰሮቹ በዚያው ወር ገበያ እንዲገቡ ቀን ተቆርጦላቸዋል፤ ሮቦቱ ግን ዋጋም የመሸጫ ቀንም አልተነገረለትም።

ይህ መደበላለቅ በየዓመቱ ሁለት ተቃራኒ ድምዳሜዎችን ይወልዳል። አንዱ ወገን የነገው ኑሮ ደጃፍ ላይ እንደደረሰ ያምናል፤ ሌላው ደግሞ ትርኢቱ ከማስታወቂያ ያለፈ ፋይዳ የለውም ይላል። ሁለቱም ድምዳሜዎች ከአንድ ስሕተት የሚመነጩ ይመስላል። ትርኢቱን ለሸማቹ የተከፈተ ሱቅ አድርገው ያዩታል፤ እሱ ግን በዋናነት አምራቾች፣ ነጋዴዎችና ባለገንዘቦች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መድረክ ነው። ማን ለማን እየተናገረ እንደሆነ ከታወቀ አብዛኛው ግራ መጋባት ይጠራል።

ትርኢቱ የተዘጋጀው ለማን ነው?

ሲኢኤስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በጁን 1967 በኒው ዮርክ ሲሆን 17,500 ያህል ሰዎች ተገኝተውበታል። ከ1978 እስከ 1994 ድረስ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጃንዋሪ በላስ ቬጋስ በጁን ደግሞ በቺካጎ ይደረግ ነበር። ከ1998 ወዲህ በዓመት አንድ ጊዜ በላስ ቬጋስ ብቻ ይካሄዳል። አዘጋጁ የአሜሪካ የሸማቾች ቴክኖሎጂ ማኅበር ነው፤ ይህም የዘርፉ ኩባንያዎች አባል የሆኑበት የንግድ ማኅበር እንጂ ገለልተኛ መርማሪ ተቋም አይደለም። በ2025 ከ4,500 በላይ ኩባንያዎች ዕቃቸውን አቅርበው ከ142,000 በላይ ሰዎች ተገኝተዋል። መግቢያው ግን ለማንኛውም ሰው ክፍት አይደለም፤ ተመዝጋቢው በዘርፉ የሚሠራ መሆኑን ማሳየት ይጠበቅበታል።

ከእነዚህ ተሳታፊዎች መካከል ትልልቅ መደብሮችን ወክለው የሚመጡ ገዢዎች አሉ፤ በዓመቱ ውስጥ መደርደሪያቸው ላይ ምን እንደሚያስቀምጡ የሚወስኑት ከእንዲህ ዓይነት ስብሰባዎች በኋላ ነው። የስክሪን፣ የባትሪና የቺፕ አምራቾች ደግሞ ዕቃቸውን ለሌሎች አምራቾች ለመሸጥ ይመጣሉ። ጀማሪ ኩባንያዎች ባለሀብት ይፈልጋሉ፤ ለእነሱ የተለየው አዳራሽ ከ2012 ጀምሮ ዩሬካ ፓርክ ተብሎ ይታወቃል። ጋዜጠኞችም ይመጣሉ፤ የሚጽፉት ግን ስለ ኮንትራት ድርድሩ ሳይሆን በካሜራ ስለሚያምረው ነገር ነው። ለዚህ ነው ሕዝቡ የሚያየው ትርኢትና በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚካሄደው ትርኢት የማይመሳሰሉት።

ልዩነቱ በ2008 ጎልቶ ታይቶ ነበር። በወቅቱ ከዲቪዲ ቀጥሎ የሚመጣው የፊልም ዲስክ ብሉ ሬይ ይሁን ኤችዲ ዲቪዲ የሚለው ፉክክር ተፋፍሞ ነበር። የፊልም ኩባንያው ዋርነር ብራዘርስ በጃንዋሪ 4 ቀን 2008 መግለጫው ከብሉ ሬይ ጎን ብቻ እንደሚሰለፍ አስታወቀ፤ የኤችዲ ዲቪዲ ቡድን በትርኢቱ ዋዜማ ሊሰጠው የነበረውን ጋዜጣዊ መግለጫ ሰረዘ፤ የኤችዲ ዲቪዲ ዋና አራማጅ የነበረው ቶሺባም በፌብሩዋሪ 19 ከፉክክሩ መውጣቱን ይፋ አደረገ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶች ወደፊት የትኛውን ማጫወቻ እንደሚገዙ የወሰነው ይህ የአቅራቢዎች አሰላለፍ ነበር። በዚያ ሳምንት በአዳራሹ ከተደረደሩት ዕቃዎች የአንዱም ውበት አልወሰነውም።

በአንጻሩ ታላላቅ የሸማች ምርቶች ከትርኢቱ ውጭ የሚወለዱበት ጊዜ ብዙ ነው። አፕል አይፎንን ያስተዋወቀው በጃንዋሪ 9 ቀን 2007፣ ሲኢኤስ በላስ ቬጋስ እየተካሄደ ሳለ በሳን ፍራንሲስኮ በሌላ መድረክ ነው። ትኩረት የመሳብ አቅም ያለው ኩባንያ ከሺዎች ጋር ተጋፍቶ መናገር አያስፈልገውም፤ የራሱን ቀን ይመርጣል። ኮምዴክስ የተባለው ትልቅ የኮምፒውተር ትርኢት ከ2003 በኋላ የተቋረጠው፣ ኢ3 የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ትርኢትም በዲሴምበር 2023 በይፋ የተዘጋው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ሲኢኤስ እስካሁን የዘለቀው የዕቃ ማስተዋወቂያነቱ ብቻ ሳይሆን የንግድ መገናኛነቱ ስላልተተካ ይመስላል።

ምርት፣ ናሙናና ሐሳብ

በአዳራሹ ውስጥ አንድ ዓይነት መብራት በርቶላቸው የሚቆሙት ዕቃዎች በደረጃቸው እጅግ ይራራቃሉ። ተመርቶ ያለቀ፣ ዋጋና የመሸጫ ቀን የተቆረጠለት ዕቃ ምርት ነው። ፕሮቶታይፕ ወይም ናሙና የሚባለው ቴክኖሎጂው እንደሚሠራ ለማሳየት በጥቂት ቅጂ የተሠራ ሲሆን፣ በብዛት ሊመረት ይችል እንደሆነ ግን ገና መልስ የለውም። ኮንሴፕት የሚባለው ደግሞ የኩባንያውን አቅጣጫ ለመግለጽ የተሠራ የሐሳብ ቅርጽ ነው፤ አንዳንዴ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ መካከል ደግሞ ኩባንያው «በዚህ ዓመት ይሸጣል» ብሎ ቃል የገባለት፣ ግን ገና ያልተመረተ ዕቃ አለ፤ አንባቢን በብዛት የሚያሳስተው ይኸው ነው።

የሳምሰንግ ባሊ የዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። ቤት ውስጥ እየተንከባለለ ባለቤቱን የሚከተል ኳስ መሰል ሮቦት ሆኖ በ2020 ታየ። በ2024 ግድግዳ ላይ ምስል የሚያሳይ ፕሮጀክተር ተጨምሮበት ዳግም ቀረበ። በ2025 በዚያው ዓመት እንደሚሸጥ ተነገረ፤ ቆየት ብሎም በእነሱ የበጋ ወራት (ከጁን እስከ ኦገስት) በደቡብ ኮሪያና በአሜሪካ ገበያ ላይ እንደሚውል ተገለጸ። ዓመቱ ግን ሳይሸጥ አለቀ። ይህ የግድ ማታለል ነበር ማለት አይደለም። አንድ ኩባንያ ምን ያህል ሰው እንደሚፈልገው ለመመዘን፣ ተወዳዳሪን ለመቅደም ወይም የራሱን መሐንዲሶች በቀነ ገደብ ለማትጋት ዕቃውን አስቀድሞ ሊያሳይ ይችላል። ሆኖም ሦስት ጊዜ የተነበበ ዜና በአንባቢው አእምሮ ሦስት ጊዜ የተሠራ ዕቃ መስሎ ይቀመጣል።

የኤልጂ ተጠቅላይ ቴሌቪዥን ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። ናሙናው በ2018፣ ለሽያጭ የታሰበው በ2019 ታየ፤ በኦክቶበር 2020 በደቡብ ኮሪያ ገበያ ላይ ዋለ። እንደ ቃሉ እየተጠቀለለ ከሣጥኑ ውስጥ ይገባ ነበር፤ የምህንድስና ስኬት ነበር። ዋጋው ግን 100 ሚሊዮን ዎን ነበር። ስለዚህ «ሱቅ ደረሰ» ማለት ብቻውን «ሰው ቤት ገባ» ማለት አይደለም። በጃንዋሪ 2021 የታየው የዚሁ ኩባንያ ተጠቅላይ ስልክ ዕጣም የባሰ ነበር፤ በኤፕሪል 5 ቀን 2021 ኤልጂ ከስልክ ሥራ ጨርሶ መውጣቱን ሲያስታውቅ ስልኩ ገበያ ሳያይ ቀረ። እንቅፋት የሆነው ስክሪኑ አልነበረም፤ የኩባንያው የሂሳብ መዝገብ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሽልማቶች አንድ ነገር መናገር ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም በየሣጥኑ ላይ ተለጥፈው ስለሚዞሩና ስለሚያሳስቱ። የሲኢኤስ የፈጠራ ሽልማት ለማግኘት ኩባንያው ራሱ ከፍሎ ያመለክታል። ዳኞቹ የሚወስኑት አመልካቹ ባቀረበው መግለጫ ላይ ተመርኩዘው ነው። አዘጋጁ ማኅበር የቀረቡለትን መግለጫዎች ትክክለኛነት እንዳላጣራና የተሸለመውን ዕቃ እንዳልፈተሸ ራሱ በግልጽ ይጽፋል። ይህ ሽልማቱን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ ጥሩ ንድፍና ጥሩ ሐሳብ ይመሰክር ይሆናል። ዕቃው ይሠራል፣ ይበረክታል ወይም ለተባለለት ጥቅም ይውላል ለሚለው ግን ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ እንደ ማስረጃ መቅረቡም ሊቆም ይገባል።

ፎጣ ማጠፍ ለምን ከበደ?

በ2026 ትርኢት ጎልቶ የወጣው ቃል «ፊዚካል ኤአይ» ነበር። ኤአይ የሚለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት የእንግሊዝኛ ምህጻር ሲሆን፣ ፊዚካል ኤአይ ሲባል በስክሪን ላይ ጽሑፍና ምስል ከማመንጨት አልፎ አካላዊውን ዓለም የሚያይ፣ የሚነካና የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት ማለት ነው፤ ሮቦትና ራሱን የሚነዳ መኪና ዋና ምሳሌዎቹ ናቸው። የቺፕ አምራቹ ኤንቪዲያ ለዚህ የሚሆኑ ሞዴሎችን ይዞ ቀርቧል። ኤልጂ ክሎይድ የተባለ፣ በጎማ የሚሄድና ሁለት ክንድ ያለው የቤት ሮቦት አሳይቷል፤ ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ ልብስ ማጠፍ ነበር።

ልብስ ማጠፍ በዚህ ትርኢት አዲስ ተስፋ አይደለም። ፎልዲሜት የተባለ ኩባንያ በ2018 እና በ2019 ልብስ የሚያጥፍ ማሽን አሳይቶ ነበር፤ በ2021 ተዘጋ። ላውንድሮይድ የተባለውን ተመሳሳይ ማሽን የሠራው የጃፓኑ ሰቨን ድሪመርስ በኤፕሪል 2019 ከስሯል። ያው ኤልጂ በ2018 በመድረክ ላይ ክሎይ የተባለች ሮቦቱን ሲያስተዋውቅ፣ ተናጋሪው ደጋግሞ ቢጠይቃትም መልስ መስጠት ተስኗት ዝም ብላ ነበር። ታዲያ ለምንድን ነው ይህ ሁሉ ገንዘብና ዕውቀት ፈሶበት ሥራው ያልተሳካው?

ምክንያቱ ሥራው ለሰው ቀላል ስለሆነ ለማሽንም ቀላል ይሆናል ብለን ማሰባችን ነው። የመኪና በር የሚበይድ የፋብሪካ ሮቦት የሚይዘው ብረት ዛሬም ነገም አንድ ቅርጽ፣ አንድ ቦታ አለው። የተጨማደደ ሸሚዝ ግን ቋሚ ቅርጽ የለውም። ካሜራው የሚያየው የላይኛውን እጥፋት ብቻ ነው፤ እጅጌው ከሥር ተሸፍኗል፣ ኮሌታው ተገልብጧል። ሮቦቱ አንዱን ጫፍ በጎተተ ቁጥር የጨርቁ ቅርጽ እንዳለ ይለወጣል፤ ስለዚህ ቀድሞ ያሰላው መንገድ ከንቱ ይሆንና እንደገና ማየት፣ እንደገና ማስላት አለበት። ሰው በጣቱ ጫፍ የጨርቁን ውፍረትና መንሸራተት እየዳሰሰ የሚያስተካክለውን፣ አብዛኞቹ የሮቦት እጆች ሊዳስሱት አይችሉም። ፎጣ አራት ማዕዘን ስለሆነና እጅጌ ስለሌለው ይቀላል፤ በመድረክ ላይ ሸሚዝ ሳይሆን ፎጣ ሲታጠፍ ማየታችንም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

የቀድሞዎቹ ማሽኖች ይህን ለማለፍ የሞከሩት ሥራውን በሣጥን ውስጥ በመዝጋትና ልብሱን ሰው እያስተካከለ እንዲያስገባ በማድረግ ነበር። የአሁኑ አካሄድ የተለየ ነው፤ ሮቦቱ ከብዙ ሺህ የሰው እንቅስቃሴ ቅጂዎች ተምሮ ላላየው ልብስም እንዲገምት ይደረጋል። በእኔ ግምት ይህ እውነተኛ የመሠረት ለውጥ ነው፤ የአሁኑን ተስፋ ከ2018ቱ ጋር አንድ አድርጎ መናቅ ትክክል አይሆንም። ችግሩ የሚማርበት መረጃ ነው። ለጽሑፍ ሞዴሎች ኢንተርኔት ሙሉ ጽሑፍ ተዘጋጅቶ ቆይቷቸው ነበር፤ እጅ ጨርቅን እንዴት እንደሚይዝ የሚያሳይ ያን ያህል ክምችት ግን የትም የለም፤ አንድ በአንድ መቀዳት አለበት። ለዚህ ሲባል አንዳንድ ኩባንያዎች ሮቦቱን ከሩቅ ሆኖ በሚቆጣጠር ሰው ያስነዳሉ። ይህ ለማስተማር አግባብ ያለው ዘዴ ነው፤ ነገር ግን በትርኢት ላይ የሚታየው እንቅስቃሴ የማሽኑ የራሱ ይሁን የሩቅ ሰው መሆኑ ለተመልካቹ ሊነገረው ይገባል። ቤት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ያ የሩቅ ሰው ሳሎንና መኝታ ቤት የሚያይ ዓይን ይሆናል።

ቀድሞ የሚሳካው የት እንደሆነ ለመገመት የሃዩንዳይን ዕቅድ ማየት ይጠቅማል። በ2026 ትርኢት ዋዜማ የታየው የቦስተን ዳይናሚክስ አትላስ ሰው መሰል ሮቦት ከ2028 ጀምሮ በጆርጂያ ግዛት ባለው የሃዩንዳይ የመኪና ፋብሪካ የዕቃ መደርደር ሥራ እንዲጀምር ታቅዷል። ፋብሪካ ወለሉ የተስተካከለ ነው፤ ልጅና የቤት እንስሳ የለበትም፤ ሥራው ይደጋገማል፤ ሲበላሽም ጠጋኝ በአጠገቡ አለ። ቤት ከእነዚህ አንዱም የለውም። ስለዚህ የቤት ሮቦት ከፋብሪካው ሮቦት ኋላ፣ ምናልባትም ብዙ ዓመታት ዘግይቶ ይመጣል ብሎ መጠበቅ ምክንያታዊ ነው።

«ኤአይ አለው» ሲባል ምን ማለት ነው?

በአዳራሹ ውስጥ ይህ ምልክት ያልተለጠፈበት ዕቃ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። ቃሉ ግን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። አንዳንዱ ቀድሞም የነበረ ነገር ነው፦ የልብሱን ክብደት መዝኖ ውኃ የሚቀንስ ማጠቢያ ማሽን ዛሬ በአዲስ ስም ይጠራል። ሌላው በዕቃው ውስጥ ባለ ልዩ ቺፕ የሚሠራ ነው። ሦስተኛው ጥያቄውን በኢንተርኔት ወደ ሩቅ ሰርቨር ልኮ መልሱን የሚቀበል ነው። ለገዢው የሚለያዩት በስም ብቻ አይደለም። በዕቃው ውስጥ የሚሠራው ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይሠራል፤ መረጃውም ከቤት አይወጣም። በሰርቨር የሚሠራው የበለጠ አቅም ይኖረዋል፤ ሆኖም ባለቤቱ ሰርቨሩን ባጠፋ ቀን አብሮ ይጠፋል።

በላፕቶፖች ላይ የሚነበበው «ኤንፒዩ» የዚህ ሁለተኛው ዓይነት ቺፕ ነው። አቅሙ የሚለካው «ቶፕስ» በሚባል መለኪያ ሲሆን አንድ ቶፕስ በሰከንድ አንድ ትሪሊዮን የሂሳብ ክንውን ማለት ነው። ማይክሮሶፍት በሜይ 2024 ኮፓይለት ፕላስ ፒሲ ብሎ ለሰየማቸው ኮምፒውተሮች ቢያንስ 40 ቶፕስ የሚችል ኤንፒዩ መሥፈርት አደረገ። ቁጥሩ ግን እንደ ሞተር ጉልበት ነው፤ መኪናው የሚሄድበት መንገድ ካልተሠራ ብቻውን የትም አያደርስም። ኤንፒዩውን የሚጠቀሙ የዕለት ተዕለት ፕሮግራሞች እስካሁን ጥቂት ናቸው። የቺፕ አምራቾች መልስ፣ ቺፑ ቀድሞ ካልተስፋፋ ሶፍትዌር ሠሪው ለማን ብሎ ይጽፋል የሚል ነው፤ ይህ በቴክኖሎጂ ታሪክ ደጋግሞ የታየ እውነት ነው። የተጠቃሚው ወገን ጥያቄም ተገቢ ነው፤ ሶፍትዌሩ ሲመጣ ዛሬ የተገዛው ቺፕ በቂ ሆኖ ይገኝ ይሆን?

ሦስተኛው ዓይነት የሚያስከትለውን አደጋ በትክክል ያሳየው ከሲኢኤስ ውጭ የተዋወቀ ዕቃ ነው። ሂውሜን የተባለው ኩባንያ በኖቬምበር 2023 ይፋ ያደረገው ልብስ ላይ የሚሰካ ኤአይ ፒን ዋጋው 699 ዶላር ነበር፤ በዚያ ላይ ወርሃዊ ክፍያ ነበረው። በፌብሩዋሪ 2025 ኤችፒ የኩባንያውን ንብረት በ116 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛ፣ የፒኑ አገልግሎት በዚያው ወር በ28ኛው ቀን ቆመ። አካሉ ያልተሰበረ፣ ባትሪው ያልሞተ ዕቃ በአንድ ቀን ሥራውን አጣ። በጃንዋሪ 2024 በላስ ቬጋስ በ199 ዶላር የቀረበው ራቢት አር1 የተባለ በእጅ የሚያዝ የኤአይ ዕቃ ከዚህ የተሻለ ዕጣ ገጥሞታል፤ በመጀመሪያ ገምጋሚዎች ስልክ የማይሠራውን ምን ይሠራል ብለው ቢነቅፉትም ኩባንያው ሶፍትዌሩን እያሻሻለ ቀጥሏል። ጥያቄው ግን አልተመለሰም። ከስልክ ተለይቶ የሚያዝ የኤአይ ዕቃ ስልኩ ራሱ በአንድ ዝማኔ ሊያገኘው የሚችለውን ነገር ይዞ መወዳደር አለበት።

ያልተፎከረበት ዜና፦ የሚሞሪ ዋጋ

በሸማቹ ኪስ ላይ ከሮቦቱም ከቴሌቪዥኑም ይልቅ ቶሎ የሚሰማው ለውጥ በመድረክ ላይ ብዙም አልተነገረለትም። ለኤአይ የሚገነቡ የዳታ ማዕከላት ኤችቢኤም የተባለ፣ ቺፖች እርስ በርስ ተደራርበው የሚሠሩበት ፈጣን ሚሞሪ ይጠቀማሉ። ይህ ሚሞሪ ለአንድ ዓይነት የማከማቻ መጠን ከተራው የኮምፒውተር ሚሞሪ ይልቅ እጅግ የሰፋ የሲሊከን ገጽ ይወስዳል፤ የሚሠራውም በዚያው ፋብሪካ ነው። ሁለቱም ዓይነቶች የሚመደቡበትን፣ ዲራም የተባለውን የዓለም ሚሞሪ በአብዛኛው የሚያመርቱት ደግሞ ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ናቸው። ሦስቱ ፊታቸውን ትርፍ ወደሚበዛበት ሲያዞሩ ለስልክ፣ ለላፕቶፕና ለጨዋታ መሣሪያ የሚቀረው ያንሳል፤ ዋጋውም ይወጣል። ማይክሮን በዲሴምበር 3 ቀን 2025 ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ሸማች በቀጥታ የሚሸጥበትን ሥራ እንደሚያቆም አስታወቀ።

ውጤቱ በትርኢቱ ላይ ሲታይ ግልጽ ተቃርኖ ነበረበት። ኤአይ የሚሠሩ ዕቃዎች ብዙ ሚሞሪ ይፈልጋሉ፤ ሚሞሪውን ያስወደደው ደግሞ ራሱ የኤአይ ግንባታ ነው። አምራቾች ዋጋ ከመጨመር፣ ሚሞሪ ከመቀነስ ወይም ከትርፋቸው ከመቁረጥ አንዱን መምረጥ ይኖርባቸዋል። አዲስ የሚሞሪ ፋብሪካ ለመገንባት ዓመታት ስለሚወስድ ይህ በአንድ የገበያ ወቅት የሚያልፍ ግፊት አይመስልም።

ቴሌቪዥን፦ ጸጥ ያለ መሻሻል

ቴሌቪዥን ከትርኢቱ ተስፋዎች መካከል የወደቁም የተሳኩም አሉት። በ2010 ትልልቆቹ አምራቾች ሁሉ በባለሦስት አውታር (3ዲ) ምስል ተሰለፉ፤ ሳምሰንግ በ2016፣ ኤልጂና ሶኒ በ2017 ተዉት፤ መነጽር አድርጎ ሳሎን መቀመጥን ሰው አልወደደውም። 33 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች ያሉት ስምንት ኬ (8K) የተባለው ስክሪንም በሚመጥነው ፊልምና ሥርጭት እጦት ቆሟል፤ በተለመደው የመቀመጫ ርቀትም ነጥቦቹ ከሚያንሱት ከአራት ኬ (4K) ስክሪን ያለው ልዩነት ለዓይን እጅግ ጥቂት ነው።

የ2026ቱ አርጂቢ የኋላ ብርሃን ግን ከእነዚህ ይለያል። በተለመደው ኤልሲዲ ስክሪን ከኋላ ያለው ብርሃን ሰማያዊ ወይም ነጭ ሲሆን ሌሎቹ ቀለማት በማጣሪያና በቀለም ለዋጭ ንብርብር ይወጣሉ። በአዲሱ አሠራር ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መብራቶች ከምንጩ ለየብቻ ይበራሉ፤ ስለዚህ ቀለሙ ይበልጥ ንጹሕ ይሆናል። መብራቶቹ የሚቆጣጠሩት እያንዳንዱን ነጥብ ሳይሆን አካባቢን ስለሆነ፣ ጎን ለጎን ያሉ ተቃራኒ ቀለማት አንዱ በሌላው ላይ ሊፈስ ይችላል፤ እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ የሚበራበት ኦሌድ ይህ ችግር የለበትም። ሆኖም ሸማቹ አዲስ ልማድ እንዲለምድ ወይም የተለየ ፊልም እንዲፈልግ አይጠይቅም። ከትርኢቱ ተነሥተው ወደ ሰፊው ገበያ የሚዘልቁት በአብዛኛው እንዲህ ዓይነቶቹ ናቸው።

ጤና መለኪያዎችና የሕግ ወሰን

ሰዓትና ቀለበት መሰል የጤና መለኪያዎች ላይ ያለው ጥያቄ ከሁሉም የከበደ ነው፤ ስሕተት የሚያስከፍለው ገንዘብ ብቻ አይደለምና። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በፌብሩዋሪ 21 ቀን 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ቆዳ ሳይወጉ የደም ስኳር እንለካለን የሚሉ ሰዓቶችንና ቀለበቶችን ማንም እንዳይጠቀም አሳስቧል፤ በራሱ እንዲህ የሚለካ አንድም ዕቃ እንዳልፈቀደም ገልጿል። የስኳር ሕመምተኛ የተሳሳተ ቁጥር አይቶ ኢንሱሊን ቢወስድ ስኳሩ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ለሕይወት አስጊ በሆነ ደረጃ ሊወርድ ይችላል።

ያው ባለሥልጣን በጃንዋሪ 6 ቀን 2026፣ ትርኢቱ በተከፈተበት ዕለት፣ ለአጠቃላይ ጤንነት ብቻ የታሰቡ ተለባሽ ዕቃዎች ላይ ያለውን ቁጥጥር የሚያላላ መመሪያ አውጥቷል። ደጋፊዎቹ ሰው ስለ እንቅልፉና ስለ እንቅስቃሴው እንዲያውቅ የሚረዳ ዕቃ እንደ ሕክምና መሣሪያ ዓመታት መጠበቅ እንደሌለበት ይናገራሉ። የሚሠጉት ደግሞ «ለጤንነት እንጂ ለምርመራ አይደለም» የሚለው ጽሑፍ በሣጥኑ ግርጌ ሲቀመጥ፣ ታማሚው የሚያየው በስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር እንደሆነ ይገልጻሉ። የመጀመሪያው ክርክር ለእርምጃ መቁጠሪያ ልክ ነው። ሰው መድኃኒቱን ሊለውጥበት ለሚችል ቁጥር ግን ሁለተኛው ይመዝናል።

ከግዢ በኋላ ያለው ጊዜ

በትርኢት ላይ የሚጠየቀው ዕቃው ምን እንደሚሠራ ነው፤ እስከ መቼ እንደሚሠራ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ማቀዝቀዣ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል፤ በሩ ላይ የተገጠመው ስክሪን የሚሠራበት ሶፍትዌር ግን ያን ያህል ዕድሜ እንዳለው ዋስትና የለም። ለመክፈት ሞተርና ድምፅ መስሚያ የሚያስፈልገው በርም ከተራ እጀታ ይልቅ የሚበላሽበት ምክንያት ይበዛል። የጥገና መብት ተሟጋቾች በየዓመቱ በትርኢቱ ወቅት «የከፉ ዕቃዎች» ብለው የሚያወጡት ዝርዝር የሚነሣው ከዚሁ ሥጋት ነው። አምራቾች በበኩላቸው ዝማኔ ገንዘብ እንደሚፈጅና አንድ ጊዜ በተከፈለ ዋጋ ለዘላለም ማገልገል እንደማይቻል ይናገራሉ። ይህ እውነት ነው፤ እውነት በመሆኑም የጊዜው ወሰን ከግዢ በፊት መነገር አለበት።

ሕግ ወደዚህ እየገፋ ነው። ብሪታኒያ ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኙ የሸማች ዕቃዎች አምራቾች የደኅንነት ዝማኔ ቢያንስ እስከ መቼ እንደሚሰጡ እንዲያሳውቁ ታስገድዳለች። የአውሮፓ ኅብረት የሳይበር ደኅንነት ሕግ ደግሞ በዲሴምበር 2024 ጸንቶ ዋና ግዴታዎቹ ከዲሴምበር 11 ቀን 2027 ጀምሮ ይፈጸማሉ፤ ዕቃው አጭር ዕድሜ እንዲኖረው የታሰበ ካልሆነ በቀር አምራቹ ቢያንስ ለአምስት ዓመት የደኅንነት ክፍተቶችን እንዲደፍን ይጠይቃል። ትርኢቱ በየጃንዋሪው ስለሚካሄድ፣ ግዴታው መፈጸም ከጀመረ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው የጃንዋሪ 2028ቱ ይሆናል። በዚያ አዳራሽ አዲስ ማቀዝቀዣ፣ ቀለበት ወይም ሮቦት ይዞ የሚቆምና በአውሮፓም ሊሸጥ የሚያስብ ኩባንያ፣ ከዋጋውና ከመሸጫው ቀን ጋር የድጋፉን ማብቂያ ቀን ይዞ መምጣት ይኖርበታል።